በረኪና የጠጣው ቁርቁራ

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ዛፍ ነው። ሌላው ሰው ነጭ አንሶላ ወይም የሆስፒታል ኮሪደር ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ከቀይ ባሕር ጠረፍ የቆመ አንድ ቁርቁራ፣ ቅጠሉ ከጫፍ ከጫፉ እያረረ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ኮምቦልቻ፣ ከቤቴ ጓሮ ባለችኝ የችግኝ ቦታ ጎንበስ ብዬ በላስቲክ አፈር ስሞላ፣ ልጄ ሐያት ሳሎኑን የወለወለችበትን ባልዲ አንጠልጥላ መጣችና፣ ደግ የሠራች መስሏት ችግኞቹ ላይ ልትከነብለው ስትል ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። "ኧረ በአላህ! ተይ!" ብዬ የጮኽኩት ጩኸት የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር አስበረገገ። ልጅቷ ባልዲውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። "እማ፣ ውሃ እኮ ነው" አለችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ ልክ እንዲሁ ብዬ ነበር።

ያኔ ፓስፖርቴ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው ይላል፤ እናቴ አሥራ ሰባት ትላለች። ከሁለቱ የትኛው እውነቱን እንደሚናገር ቁመቴን ያየ ሰው ይፈርድ ነበር። የባቲ ልጃገረድ ሁሉ ጅዳ፣ ጅዳ የሚልበት ዘመን ነበርና ደላላው በአንድ ቀን ዘጠኝ ዓመት አሳድጎ ላከኝ፤ እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት የት እንዳደረሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሁንም ዕድሜዬን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ "የቱን?" ነው የምለው። የደረስኩት ኦብሑር ነው፤ ከጅዳ በስተሰሜን፣ የባለጠጋ ቪላ በባሕሩ ጥግ የተደረደረበት ሰፈር። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በስሙ የወጣው አሠሪዬ፣ ባባ የምለው፣ ሚስቱ ማዳም፣ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ጁሪ፣ የባባ እናት ሐጃ፣ እና እኔ፤ ቤቱ ይኸው ነው። በዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንተ ነው። እኔ ሐጃን በአፌ አንቺ እያልኩ በልቤ ግን አንቱ ነበር የምላቸው፤ አሁን በአገሬ ቋንቋ ሳወራ አንቱታውን ልክፈላቸው።

በመጣሁ በማግስቱ ማዳም ቤቱን ልታሳየኝ ይዛኝ ዞረች። ግድግዳው ነጭ፣ ሴራሚኩ ነጭ፣ ፀሐዩ ከነጩ ላይ እየነጠረ ዓይን የሚያወጣ፤ በአጥሩ ላይ የተንዘረፈፈ ሐምራዊ ቡገንቪላ፤ ጨው ከንፈር ላይ የሚቀመጥበት፣ ልብስ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ እንኳ እርጥበቱ የማይለቀው አየር። በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል አንድ የማውቀው ነገር አጣሁ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተችው። ወላሂ አልዋሽም፣ ቁርቁራ! የአባቴ አጥር!

እንግዲህ በእኛ አገር ቁርቁራን ማን ከዛፍ ይቆጥረዋል? እሾኹን ቆርጠን በረት እናጥርበታለን፤ ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል፤ ፍሬውን እኛ ልጆች ከፍየሎቹ ጋር እየተሻማን እንለቅማለን፤ ቀሚሴ ተቀዶ ቤት የገባሁ ቀን እናቴ ማንን እንደምትራገም አውቃለሁ። እዚያ ግን ዙሪያውን በድንጋይ ተከቦ፣ ግንዱ ተጠርጎ፣ ሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎለት እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ሲድር ይሉታል። "ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል" አልኩ በልቤ፤ ወዲያው ግን ዓይኔ እንባ ሞላ። አንድ ቅጠል ቀጥፌ አሸሁና አሸተትኩት፤ ያው ራሱ ነው። ዛፍ አይታ የምታለቅስ ሠራተኛ እንደተላከችላት ሲገባት ማዳም ፊት ላይ የታየውን ጭንቀት አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ዛፉ የሐጃ ነበር። ሐጃ ተወልደው ያደጉት መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ነው፤ በአባታቸው ግቢ አንድ ያረጀ ሲድር ነበር። ተድረው ወደ ጅዳ ሲመጡ እናታቸው ከፍሬው ጥቂት በመሐረብ ቋጥረው ሰጧቸውና የኦብሑሩ ዛፍ ከዚያ በቀለ። የሩሰይፋው ቤት ኋላ ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት፤ እናት ዛፉም አብሮ ሄደ። ከዚያ ግቢ የቀረው እንግዲህ ይኸው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። ሐጃ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ሥሩ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ግንዱን በጣታቸው እየዳበሱ ያዋሩታል። ሻምፖ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ቅጠሉን በውሃ አረፋ እስኪያወጣ አሽቼላቸው ፀጉራቸውን የሚታጠቡት በዚያ ነው። አበባ ሲያወጣ ንቡ በዚያ ጨዋማ አገር ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ግቢው ሁሉ እም ይላል፤ የብርዱ ወራት መጥቶ ፍሬው ሲበስል ደግሞ እኔና ወፎቹ እንሻማለን። ጁሪ ከእኔ ለምዳ ቁርቁራ፣ ቁርቁራ ትላለች፤ ሲድር ማለቱን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።

አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው፣ "እናቴ የሞተች ጊዜ በገዛ ዛፏ ቅጠል ነው ያጠብናት" አሉኝ። ሙስሊም ሲሞት ሬሳው በሚታጠብበት ውሃ ውስጥ የሲድር ቅጠል ይጨመራል፤ ሱና ነው። "እኔንም በዚህኛው ታጥቡኛላችሁ፤ ከሱቅ የሚሸጠውን ዱቄት አልፈልግም።" ይህን ሲሉ ስለ ሞት የሚያወሩ አይመስሉም፤ ለዒድ የሚለብሱትን ቀሚስ የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። እኔም ኢንሻአላህ አልኩ። ኢንሻአላህ ስል ዛፉን መግደል ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

እንዴት ገደልሽው ትሉኝ ይሆናል። በቁጠባ ነው። እናቴ ውሃ ከወንዝ በጀርባዋ እያመላለሰች ነው ያሳደገችን፤ እኛ ቤት ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ አያውቅም። እህል ያጠበው ዕቃ ያጥባል፤ ዕቃ ያጠበው እግር ያጥባል፤ እግር ያጠበው ደግሞ የጓሮ በርበሬ ያጠጣል። ውሃ መንገድ ላይ የደፋ ልጅ ቁንጥጫው አይቀርለትም። ኦብሑር ገብቼ ያንን ሁሉ ክፍል ጠዋትና ማታ ስወለውል፣ ባልዲ ሙሉውን ወደ ፍሳሽ ቀዳዳ መድፋት አንጀቴ እምቢ አለኝ። በበረሃ አገር ውሃ ይደፋል እንዴ? ደግሞ ዛፉ የአገሬ ልጅ ነው፤ ተጠምቶ እያየሁት ዝም ልበል? ስለዚህ ማዳም ሳታየኝ፣ ቢስሚላህ እያልኩ፣ ባልዲዬን ሥሩ ላይ እገለብጠው ነበር፤ ከአላህ ምንዳ፣ አጅር የማገኝበት መስሎኝ። ማዳም ደግሞ በረኪና በረኪና ካልሸተታት ቤቱ የጸዳ አይመስላትምና በእያንዳንዱ ባልዲ ሁለት ክዳን ማድረግ ግዴታ ነው። የእናቴ እጣቢ ውስጥ ያለው ዱቄትና አመድ ነበር። ይህ ልዩነት ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ አልታያትም፤ የፓስፖርቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሴትዮ እንኳ ብታየው ምን ነበረበት!

መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ቡናማ ሆነ። ተጠማ ብዬ ባልዲ ጨመርኩ። ቀጥሎ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ፤ ምስኪን ይብሱን ተጠማ ብዬ የኩሽናውን ወለል ሁለቴ መወልወል ጀመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእኔ ነው። ንቦቹ መጥተው አንዴ ዞር ዞር ብለው ሄዱ፤ ወፎቹም ወደ ጎረቤት ቴምር ኮበለሉ። ያ የማያባራ የጅዳ ሙቀት ሲመጣ ዛፉ እርቃኑን ቀረ፤ ከሐጃ በቀር ሥሩ የሚቀመጥ ጠፋ። ባባ አንድ ቀን መሐንዲስ ይዞ መጥቶ ግቢውን በሜትር ሲለካ አየሁ። ዛፉ ከዒደል አድሃ በኋላ ይነሣና በቦታው መዋኛ ገንዳ ይሠራበታል ተባለ።  ሐጃ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እያጎነበሱ፣ ባያዩም እየዳበሱ፣ የረገፈውን ደረቅ ቅጠል እየለቀሙ በጨርቅ ከረጢት ማጠራቀም ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ገብቶኝም ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቪላ የሚጠብቁ፣ አትክልቱንም የሚንከባከቡ ጋሽ መኮንን የሚባሉ ያገሬ ሰው ነበሩ። የምንጃር ሰው ናቸው፤ ክርስቲያን፤ አገር ቤት ሳሉ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እሳቸው መሰላል ላይ ሆነው ቡገንቪላውን ሲከረክሙ፣ እኔ ልብስ ሳሰጣ ነው የምናወራው፤ ዓመት ሙሉ ከባርኔጣቸውና ከሁለት እጃቸው በቀር አይቼ አላውቅም፤ በሐሳቤ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ዘለግ ያሉ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። የሆዴን ሳወራላቸው፣ "እስቲ ከሥሩ አፈር እፍኝ አድርገሽ አቀብይኝ" አሉ። በላስቲክ ቋጥሬ ወረወርኩላቸው። ላስቲኩን ፈተው አሸተቱት፣ ራቅ አደረጉት፣ እንደገና አሸተቱት። "ይሄ አፈር እኮ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል! ማነው በረኪና የሚያጠጣው?"

የልብስ መቆንጠጫ በጥርሴ እንደያዝኩ ዓይኔ በሩ ጥግ ወዳለው ባልዲዬ ሄደ።  ጋሽ መኮንን ገባቸው። መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩት ሳቃቸውን ዋጡ። "አይዞሽ፣ ይሄ ግትር ዛፍ ነው፤ ከላይ ይሙት እንጂ ሥሩ ገና ሕይወት አለው። ጎንደል ማድረግ ነው፤ ከወገብ በታች። የላዩን አፈር ዝቆ ማውጣት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ መጠበቅ። እሱ ካልሆነ ግን አበቃለት" አሉኝ።

ነገሩ መቁረጡ ላይ ነው። ሐጃ የመካ ልጅ ናቸው፤ በመካ ሐረም፣ በተከበረው ክልል፣ የበቀለ ዛፍ አይቆረጥም፣ እሾኹ እንኳ አይሰበርም። ኦብሑር ሐረም እንዳልሆነ ሐጃ ያውቃሉ፤ እጃቸው ግን አያውቅም። ለፀጉራቸው ቅጠል ሲፈልጉ እንኳ እኔን ቅጠፊ ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ያ ዛፍ ከተተከለ ጀምሮ መጋዝ አጠገቡ ደርሶ አያውቅም። አሁን ሄጄ ግንዱን ከወገብ በታች እንቁረጠው ልላቸው ነው? ለምን ቢሉኝስ? ለምን ለሚለው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው።

ሩዋይስ፣ መሀል ጅዳ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ከድጃ አለች፤ እሷ ዘንድ ደውዬ ብነግራት ጆሮዬ እስኪነቀል ጮኸችብኝ። "አብደሻል? ዛፍ ደረቀ ብሎ ማን ይጠይቅሻል! ኢቃማሽ በእጃቸው ነው፣ ዝም በይ፣ ኸላስ!" ጋሽ መኮንን ደግሞ ከመሰላላቸው ላይ ሆነው አንዲት ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።" ሁለቱም ቃል ሳምንት ሙሉ በጭንቅላቴ ሲከራከር ሰነበተ። በመጨረሻ ያሸነፈው የማንም ምክር አይደለም፤ ያ የጨርቅ ከረጢት ነው። በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጃ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ቅጠል ከአቧራው ሲለዩ አጠገባቸው ተንበረከክሁና በተሰባበረ ዐረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባልዲውን፣ በረኪናውን፣ ቢስሚላህ እያልኩ ማጠጣቴን፣ የጎረቤቱ አትክልተኛ ከወገቡ በታች ይቆረጥ ማለታቸውን ሳይቀር። ጣታቸው ቅጠሉ ላይ ቆመ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም፤ ምግባቸውን ሳቀርብ "አላህ ይስጥሽ" እንኳ የለም። ሻንጣዬን አሰናዳሁ፤ ሻንጣ ስል ያው አንድ ከረጢት ነው። ይመልሱኝ፣ ግን ዛፉን ይቁረጡት ብዬ ዱዓ አደረግሁ፤ እኔም ልቅር፣ ዛፉም ይዳን ብዬ ሁለቱንም አንድ ላይ መለመን አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ መግሪብ ሰግደው ጠሩኝ። "ውሃውን ለምን ወደ ፍሳሹ አልደፋሽውም?" አሉኝ። "ውሃ መድፋት ያሳዝነኛል፤ እናቴ በጀርባዋ ነው የምታመጣው" አልኳቸው። ስለ ልጅነታቸው መካ ጀመሩልኝ፤ ውሃ በአቁማዳ ተሸክሞ በየቤቱ ስለሚያዞር ሰውዬ፣ እናታቸው አንዲት ማሰሮ ውሃ ለስንት ነገር ያብቃቁ እንደነበር።  "እናቴም የእጣቢዋን ውሃ ለዛፏ ነበር የምትሰጠው። በእጣቢ ነው ያደገው። በረኪና የሚባል ግን አላወቅንም።" እጄን ያዙኝ። "ያንን ሰውዬ ጥሪው" አሉ። እኔ እጃቸው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ፤ እናቴን በስልክ ሳናግር እንኳ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ለባባ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ብቻ አርባ ቀን አስፈቀዱ። በአርባ ቀን ውስጥ ካላቆጠቆጠ ጉቶው ይነቀልና ገንዳው ይቆፈራል። ጋሽ መኮንን መጋዛቸውን ይዘው በኋላ በር ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሰውነታቸውን አየሁ፤ ወላሂ ትከሻዬ ላይ አይደርሱም! ያንን ሁሉ ጊዜ ባሕር ዛፍ ያደረጋቸው መሰላሉ ነበር። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ሐጃ ግንዱን በመዳፋቸው ደባበሱት፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው የእኔን እጅ ጨበጡ። መጋዙ በሄደ በመጣ ቁጥር ጣቶቼን እንደ ሎሚ ይጨምቋቸዋል። የላዩ ሲወድቅ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰሙ። ጋሽ መኮንን የተቆረጠውን ጭቃ ቀቡት፤ የታመመውን አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየዛቁ አወጡ፤ ለምሳ የቀረበላቸውን ሩዝ በሥጋ ዓርብ ነው ብለው በትሕትና መልሰው በቴምር ዋሉ። ሐጃ የእምነታቸውን ነገር አልጠየቁም፤ ቴምሩን ግን ደጋግመው አስጨመሩላቸው።

የግቢው ጉድጓድ ውሃ ጨው ነው። ንጹሕ ውሃ ከየት ይመጣል ስንል ጋሽ መኮንን ወደ ግድግዳው አመለከቱ፤ ኤሲው። የጅዳ አየር ራሱ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ኤሲው ከአየሩ እየጨመቀ በቱቦ የሚያንጠባጥበው ውሃ ጨው የለውም፤ ሰው ሁሉ ግን መንገድ ላይ ያንጠባጥበዋል። በየቱቦው ሥር ባልዲ ደረደርን። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ ያ ድምፅ ያን ክረምት ሙሉ ሰዓቴ ነበር። ጁሪ የመጫወቻ ባልዲዋን ይዛ ትከተለኛለች፤ ግማሹን እግሯ ላይ ታፈሰዋለች፣ ግማሹን ለቁርቁራዋ ታደርሳለች። ኋላ ኋላ ማዳም ሳትቀር የመኝታ ቤቷን ቱቦ በራሷ እጅ ወደ ባልዲ አዙራ አገኘኋት፤ ስታየኝ አፍራ ያልላ፣ ያልላ ወደ ሥራሽ አለችኝ። ውሃ መድፋት ያሳዝነኛል ያልኩት ነገር ለካ ተላላፊ በሽታ ነበር።

አሥር ቀን ሆነ፤ ጉቶው ጉቶ ነው። ሃያ ሆነ። ባባ በመኪናው ሲወጣ ጉቶውን ገልመጥ አድርጎ ያልፋል፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ብቻ ገንዳውን አስቀድሞ ዋኝቶበታል። ጋሽ መኮንን በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉኛል፤ ለማፍሰስ ማን ብሎኝ! ሐጃ በየንጋቱ እንደ ልማዳቸው ወጥተው ጉቶውን ይደባብሱታል።  ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀር አንድ ማለዳ ኩሽና ሆኜ የሐጃ ጩኸት ሰማሁ። እባብ ነው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ሮጥኩ። ሐጃ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አመልካች ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ጫፉ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ደም፣ እያለቀሱም እየሳቁም ነበር። "ወጋኝ! ዘይነብ፣ ወጋኝ!" ይላሉ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ጣት የማታህል፣ ገና ቀይ ያለች ቡቃያ፣ ከነእሾኽዋ። አልሐምዱሊላህ! እልል ብዬ አቀለጥኩት። ከአጥሩ ማዶ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ መሰላሉ እንኳ ገና አልተተከለም ነበር።

በዚያው ዓመት ሐጃ ለዑምራ መካ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ካዕባን ከዞርንበት ጠዋፍ በኋላ መኪናውን የሚነዳውን ባባን በሩሰይፋ በኩል አሳለፉት። የአባታቸው ግቢ የነበረበት ላይ፣ ሥሩ የስልክና የጨርቅ ሱቅ ያለበት ፎቅ ቆሟል። ሐጃ ከመኪና ወርደው አንድ ሁለት እርምጃ ሄዱና "በሩ እዚህ ጋ ነበር" አሉኝ። አላለቀሱም። ከእግረኛው መንገድ ስንጥቅ አንዲት የእሾኽ ዘር በቅላ ኖሮ እንዳይረግጧት ክንዳቸውን ይዤ አዞርኳቸው፤ ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ። "ኦብሑር ያለው ይበቃኛል" አሉኝ ሲመለሱ።

ዛፉ ከአንድ ግንድ ፋንታ አራት ሆኖ አደገ። ባባ ገንዳውን ፊት ለፊት በኩል አሠራው። ጋሽ መኮንን ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ስሰናበታቸው ስልካቸውን ልቀበል ስል ማዳም ጠራችኝና ሳልቀበል ቀረሁ፤ ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐጃ በአምስተኛው ዓመቴ፣ በእንቅልፋቸው፣ አረፉ። አላህ ይርሐማቸው። በዚያ ጠዋት ማንም ሳያዘኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቅጠሉ ለምለም ነበር፣ ጤዛ ይዞ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ቀጠፍኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን የሚያዞር ሰው አልነበረም። አሽቼ፣ አረፋ አስወጥቼ፣ ከሴቶቹ ጋር አጠብናቸው። ኢንሻአላህ ያልኩትን አላህ አስፈጸመኝ። ያ የደረቅ ቅጠል ከረጢት ከሣጥናቸው ሲገኝ ማዳም ምንነቱን ጠየቀችኝ፤ ከእጇ ተቀብዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

ወደ አገሬ ስገባ ከፍሬው በመሐረብ ቋጥሬ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ቁርቁራ ችግኝ አፍልቼ ስሸጥ ሰው ይስቅብኛል፤ "ዘይነብ፣ ቀጥለሽ ደግሞ አረም ትሸጭልናለሽ?" ይሉኛል የባቲ ሰዎች። ይሳቁ። እነሱ የሚያውቁት ፍየል የዘራውን ቁርቁራ ነው፤ የእኔው ግን የመካ ልጅ ነው። ካቻምና ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣልኝ፤ በዐረብኛ የምታወራ ወጣት ሴት፣ ጁሪ ነኝ ትላለች። ቪላው ከሐጃ ሞት በኋላ ተሸጧል፤ ገዢው ግቢውን አፍርሶ ሠርቶታል፤ ዛፉ የለም። አሁን እሷም አግብታ ልጅ ወልዳለች፤ በመሐረብ ቋጥሬ የወሰድኩት ነገር ትዝ ብሏት ነው የፈለገችኝ። "ካንቺ ጋር ያለ እንደሆነ" አለችኝ፣ "አንድ ፍሬ ቁርቁራ።" ያንን ሁሉ ዐረብኛ ስታወራ ቆይታ ሲድር አላለችም። ባለፈው ዓመት ለሐጅ በሄዱ አንዲት ጎረቤቴ እጅ ሰባት ፍሬ ላክሁላት።

ቅዳሜ ዕለት ሐያት ባልዲዋን እንደያዘች ተገትራ ስታየኝ ይህንን ሁሉ አታውቅም ነበርና፣ ተቀመጪ ብዬ አጫወትኳት። እያወራሁ ለራሴም ቆጠርኩት። የሩሰይፋው ግቢ የለም፣ የኦብሑሩ ግቢ የለም፣ ሐጃ የሉም፣ የጋሽ መኮንን ስልክ የለኝም፤ ደላላው የጨመረብኝን ዘጠኝ ዓመት ማንም አልመለሰልኝም፤ ያቺ ወንዝ ለወንዝ ቁርቁራ ስትለቅም ልትውል ይገባት የነበረች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባልዲ ይዛ እዚያ ቀርታለች። ሐያት የእሷ እኩያ ናት፤ እሷ ግን እቤቷ ናት። ይህ ሲገባኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ባለፈው ወር ጁሪ የላከችልኝን ፎቶ አሳየኋት፤ በወተት ጣሳ የበቀለች አንዲት ችግኝ፣ ከኤሲ ቱቦ ሥር ተቀምጣ፣ ከቱቦው ጫፍ አንዲት ጠብታ ልትወድቅ ተንጠልጥላ። ከፎቶው ጋር አንዲት አጭር ድምፅ አለች። ጁሪ እየሳቀች ነው፤ ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል። ዐረብኛውን ለሐያት ተረጎምኩላት።

"ዘይነብ፣ ልጄን ወጋው!"